ድንጋዩን ያላወረደው ሰውዬ

ዓለምነህ ወልድያ መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ገብቶ ኋላ ወንበር ጥግ ላይ ሲቀመጥ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መርሳ እስኪደርስ ማንም እንዳያውቀው። ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዷል። ጭኑ ላይ በጋዜጣ የተጠቀለለ የአይሱዙ ፍሪሲዮን ታቅፏል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ መንገድ መለዋወጫ ሲያመላልስ ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም። አሁን በአንድ ፊልም የተነሳ፣ ያውም ሦስት ሳምንት ብቻ በሠራው ፊልም፣ እንደ ሌባ ፊቱን ሸፍኖ የሚሄድ ሰው ሆኖ አረፈው።

መኪናው ከከተማ ወጥቶ ገና ፍጥነት ሳይዝ ከፊት የተቀመጠች ሴትዮ ጀመረችው። ፊልሙን በልጇ ስልክ እንዳየችው፣ ያ አባት የተባለው ሰውዬ ግን ልብ የሚባል ነገር እንዳልፈጠረበት ለሹፌሩ ነገረችው። ሹፌሩ አልተስማማም። እሱ እንደሚለው ሰውዬው ድንጋዩን አውርዶለታል፤ ያልታየው ፊልሙ ስላለቀ ብቻ ነው። መሀል ወንበር ላይ ያለ አስተማሪ ቢጤ ባለመነጽር ደግሞ ሁለቱም እንዳልገባቸው፣ ቁም ነገሩ ራሱ አለመታየቱ እንደሆነ ያስረዳ ጀመር። ሲሪንቃ ሳይደርሱ መኪናው ሦስት ቦታ ተከፈለ። ፊልሙን ያላዩትም ወገን ይዘው ይከራከራሉ። ምን ይደረግ፣ አገሩ ወሬ ይወዳል።

ላላየው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልሙ «ከደጅ መልስ» ይባላል። የሠራችው ምሕረት የምትባል የወልድያ ልጅ ናት፤ ድርጅት ሳይኖራት፣ ስፖንሰር ሳታገኝ፣ በተውሶ ካሜራ ሁለት ዓመት ለፍታበታለች። ታሪኩ የአንድ ቤት ታሪክ ነው። ልጅ ለእናቱ ቀብር ሳይመጣ ይቀራል፤ አባት ይቀየመዋል። ከሰባት ዓመት በኋላ ልጁ በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ አባቱ ደጅ ይቆማል። በአገሩ ወግ የበደለ ሰው ይቅርታ የሚለምነው እንዲህ ነው፤ የተበደለው ቀርቦ ድንጋዩን በገዛ እጁ ሲያወርድለት ነገር ያልቃል። ፊልሙ ላይ አባትየው ከቤት ይወጣል። ልጁ ፊት ይቆማል። ያየዋል፣ ያየዋል፣ አሁንም ያየዋል። ከዚያ ድርግም፣ ስክሪኑ ይጠቁራል። አወረደለት? አላወረደለትም? ፈጣሪ ይወቀው።

አባትየውን ሆኖ የሠራው ዓለምነህ ነው። ተዋናይ ሆኖ አይደለም፤ ምሕረት የአባቷን መኪና ልታሠራ መርሳ ጋራዡ ድረስ መጥታ ፊቱን አይታ ነው የያዘችው። ዓመት ሙሉ የተቆጣ ሰው ፊት አለዎት አለችው። እሱ እምቢ ብሎ ነበር፤ ሚስቱ ፀዳለ ናት ልጅቱን አታሳፍራት ብላ የገፋፋችው። አሁን ፀዳለን ባገኛት ብሎ በሆዱ ይዝታል፤ በየቀኑ ግን ያገኛታል፣ ምንም አይላትም።

ሹፌሩ በስፖኪዮው አየው። አንዴ አየው፣ ደግሞ አየው፣ ከዚያ መኪናውን ከመንገድ አውጥቶ አቆመና ዘወር አለ። ሰው ሁሉ አብሮት ዘወር አለ። ሹፌሩ የራሱን ኮፍያ አውልቆ፣ ጋሼ በእመቤቴ ይንገሩን፣ አወረዱለት ወይስ አላወረዱለትም ሲል ለመነው። ዓለምነህ ፍሪሲዮን ይዤ ነው፣ ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው፣ ንዳ አለው። ይህ መልስ ለማንም አልጣመም። ሴትዮዋ፣ አላልኳችሁም፣ አሁንም ፊቱን እዩት አለች። ባለመነጽሩ ደግሞ ተደስቶ፣ መልስ አለመስጠቱ ትልቅ መልስ ነው አለ። ዓለምነህ ኮፍያውን እስከ አፍንጫው ጎተተው።

መርሳ ሲወርድስ መቼ ረፍት አለ። ኳስ የሚታይበት አዳራሽ ውስጥ ፊልሙ ከፋሲካ ወዲህ ሦስት እሁድ ታይቷል፤ በሦስቱም እሁድ ሰው ሲወጣ ተጨቃጭቆ ነው የወጣው። አንዱ ጨካኝ ይለዋል፣ አንዱ ምስኪን ይለዋል፣ አንዱ መጨረሻውን ቆርጠው ሸጠውታል ይላል። ልጁን ሆኖ የሠራው ዮሴፍ ባጃጅ ነጂ ነው፤ እሱ ከፊልሙ ወዲህ የከተማው ልጅ ሆኗል፣ የሚሳፈር ሁሉ አንገቱን ዳሰስ አድርጎ አይዞህ ይለዋል። የዮሴፍ እናት ግን ዓለምነህን ሰላም ማለት ትታለች። ኪዳነ ምሕረት ደጅ ላይ ሲሳለሙ ተያይተው፣ ልጄን አስጎንብሶ የተወ ብላ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ አለፈች። ልጇ ከጎኗ እኮ ቆሟል፤ ቀጥ ብሎ፣ ማስቲካ እያኘከ።

የሚሰድቡትንስ ቻላቸው። የሚያመሰግኑት ናቸው ያንገበገቡት። ከልጁ ጋር አሥር ዓመት የተኳረፈ አንድ ነጋዴ ጋራዥ ድረስ መጥቶ እጁን ጨበጠው። ደግ አደረግክ፣ አባት ማለት እንዲህ ነው፣ ድንጋይ አይደለም ተራራ ቢሸከሙ አይመለስም አለው። ዓለምነህ በግሪስ የጠቆረ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቆሞ ሰማው። ሰውየው ከሄደ በኋላ የብሎን መፍቻ ቁልፉን ወረወረው፤ የወደቀበትን ለማግኘት ደግሞ ግማሽ ሰዓት ፈጀበት።

ይኼ ሁሉ የሚያበሳጨው ለምን እንደሆነ ፀዳለ ታውቃለች። ራሱም ያውቃል። ግራና በምትባለው መንደር ያለችው እህቱ አስካለ ናት ነገሩ።

አስካለ ታናሹ ናት፣ አንድ እናት አንድ አባት። አባታቸው በሽባነት አራት ዓመት ሲተኙ ያስታመመችው እሷ ናት፤ አጥባ፣ አገላብጣ፣ በማንኪያ አጉርሳ። ዓለምነህ መርሳ ሆኖ በወር አንዴ፣ ያም ሲቀናው፣ ብቅ ይል ነበር። አባትየው ሞተው ተዝካራቸው ሲወጣ፣ ዳስ ሙሉ ሰው ተቀምጦ፣ ዓለምነህ ጠላው ናላው ላይ ወጥቶ ተነሳና እህቱን «አንቺ ያስታመምሽው ለመሬቱ ብለሽ ነው» አላት። አስካለ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ገባች። ከዚያች ቀን ወዲህ ስድስት ዓመት ሆነ፤ እሷም አልጠራችው፣ እሱም አልሄደ።

እንዳልዋሽበት ልናገርለት፤ በማግስቱ ስካሩ ሲበርድለት ተጸጽቷል። ጸጸቱ ግን መንገድ አልወጣም። ታላቅ ነኝ አለ። ታላቅ ለታናሽ፣ ያውም ለሴት፣ ድንጋይ ተሸክሞ አይሄድም፤ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም አለ። እሷ ናት መጥታ ጉልበቴን የምትስመው አለ። እሷ ደግሞ የበደለችው ነገር የለም፣ ምን ብላ ትምጣ? እንዲህ እየተባለ ዓመት ዓመትን ወለደ።

አሁን የአስካለ ልጅ ትዕግስት ልታገባ ነው። ሠርጉ የግንቦት ሁለተኛው እሁድ ነው፣ አሥር ቀን ቀርቶታል። የልጅቱ አባት ከሞተ ቆይቷል፤ መርቆ የሚሸኛት የእናቷ ወንድም እሱ ብቻ ነው። ልጅ እያለች ባጃጅ በመጣ ቁጥር አጎቴ መጣ እያለች መንገድ ድረስ ትሮጥለት ነበር። የጥሪው ካርድ ባለፈው ሳምንት ደረሰ። ፀዳለ ካርዱን ሱቋ ውስጥ የስኳሩ ኬሻ ላይ አስቀምጣ ዘወር አለች። ዓለምነህ አነሳና አነበበው። «ለወይዘሮ ፀዳለ እና ለልጆቿ» ይላል። ደግሞ አነበበው። ጀርባውን ገለበጠው። የእሱ ስም የትም የለም።

ፀዳለ ያን ቀን አንድ ነገር ብቻ አለችው። ፊልሙን አስካለም አይታዋለች፣ ትዕግስት በስልኳ አሳይታታለች አለችው። ምን አለች ብሎ ሲጠይቃት፣ ምንም አላለችም፣ አይታ ስልኩን መለሰች አለችው። አገር ምድሩ አስተያየት ሲሰጥ እሱ መስማት የሚፈልገው የአንድ ሰው አስተያየት ነበር፣ እሷ ደግሞ ምንም አላለችም።

ከሚኒባሱ በወረደ በማግስቱ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ጋራዡ በር ላይ ቆሙ። ከፊት ያሉት የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ብርሃኔ ናቸው፤ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው። ዓለምነህ ከአይሱዙው ሥር ወጥቶ በርጩማ አቀረበላቸው። እሺ ካላልከን አንቀመጥም አሉት። ዓለምነህ ልቡ ድንግጥ አለ። ከአስካለ ዘንድ ተልከው የመጡ መሰለው፤ ምን እሺ ልበል ጋሽ ብርሃኔ ብሎ ጠየቀ።

ልጁን ይቅር በለው አሉት።

የትኛውን ልጅ ቢል፣ የፊልሙን።

ዓለምነህ መጀመሪያ የሚቀልዱ መሰለው። ሽማግሌዎቹ ግን አይቀልዱም። ከተማው በዚህ ነገር እየተናከሰ መሆኑን፣ ትናንት ሁለት ወንድማማቾች አንድ ገበታ ላይ በዚሁ ተጣልተው መነሳታቸውን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጎረምሶች የዓለምነህን ፊት እያዩ ይቅር አለመባባልን ወግ ሊያደርጉት መሆኑን በየተራ አስረዱ። ዓለምነህ ፊልም እኮ ነው፣ ውሸት እኮ ነው ብሎ ጮኸ። ጋሽ ብርሃኔ ውሸት መሆኑን አላጡትም። ግን ያስጎነበስከው በአደባባይ ነው፣ ይቅርታውም በአደባባይ ይሁን፣ ፊልሙን የሠራችው ልጅ ትንሽ ቁራጭ ትጨምርበትና አውርድለት አሉ። ይህን እሺ ካላልክ አንቀመጥም ብለው ከዘራቸውን ተከሉ። ሦስት አሮጌ ሰዎች በዚያ ፀሐይ ቆመው ይታያችሁ። አንደኛው ጉልበታቸው ይንቀጠቀጣል።

እሺ አለ ዓለምነህ በንዴት። እሺ፣ ልደውልላትና ትጨምር፣ ካሁን በኋላ ግን ማንም ሰው ስለ ድንጋይ እንዳያነሳብኝ። ስልኩን አወጣና ሽማግሌዎቹ እንዲሰሙት ላውድ አድርጎ ወልድያ ደወለ። ምሕረት ወዲያው አነሳች። ድንጋዩን የማወርድበትን ቁራጭ እንቅረጽና ጨምሪበት አላት።

«ጋሽ ዓለምነህ፣ ሦስት ጊዜ ቀርጸነው አልነበር እንዴ?» አለች ምሕረት። «ጽሑፉ ላይ እኮ አባት ያወርድለታል ነው የሚለው። ሦስቱንም ጊዜ እርስዎ ቆመው ቀሩ። እኔም ያለኝ እሱ ብቻ ስለሆነ እዚያው ላይ ቆረጥኩት። ለማንም አልተናገርኩም፤ እርስዎን ማሳፈር መሰለኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ባለመነጽሩ ቁም ነገር ነው ያለው፣ ሚኒባስ ያቆመው፣ ወንድማማች ያጣላው መጨረሻ ይኸው ነበር፤ የአንድ መካኒክ እጅ እምቢ ማለት። ዓለምነህ ያን ቀን ትዝ አለው። ዮሴፍ አጎንብሶ፣ አንገቱ ላይ ላብ እየወረደ፣ እሱም እጁን ሊዘረጋ ብሎ፣ እጁ ከጎኑ አልላቀቅ ብሎት። ምሕረት በየዋህነት፣ ሲመጣልዎት ብቻ ያውርዱ ስትለው። አልመጣለትም።

ለምን አላወረድክለትም አሉት ጋሽ ብርሃኔ፣ አሁን ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። ዓለምነህ ወደ አይሱዙው ዞረ። ሽማግሌው ሁለቱን ጓዶቻቸውን በዓይናቸው ጠቀሷቸው፣ እነሱም ወደ በሩ ራቅ አሉ።

«እኔ የአባትህ ተዝካር ላይ ነበርኩ» አሉት ጋሽ ብርሃኔ።

«ታላቅ ነኝ፣ ጋሽ ብርሃኔ። ታላቅ ለታናሽ ድንጋይ አይሸከምም፤ አንቱ ራስዎ ስንቱን ያስታረቁ፣ አይተው ያውቃሉ?»

«አላየሁም። ደንቡም የለም። ያን ለት አፍህን ስትከፍት ግን ታላቅነትህ የት ሄዶ ነበር?»

ይህን ብለው ሳይቀመጡ ሄዱ። ዓለምነህ ብዙ ሰዓት በርጩማው አጠገብ ቆሞ ቀረ። ተናደደ፤ በሽማግሌው፣ በምሕረት፣ በሚኒባሱ ሹፌር፣ ካርዱን በጻፈው እጅ ተናደደ። ሲደክመው ደግሞ የቀረው ራሱ ብቻ ሆነ። አይሱዙው ሥር የኋላ ጎማውን ታኮ ሆኖ የያዘውን ጥቁር ድንጋይ አየው። ያው የፊልሙ ድንጋይ ነው፤ ምሕረት በዘይት መጥቆሩን ወዳው ከዚሁ ጋራዥ የመረጠችው፣ ቀረጻው ሲያልቅ ወደ ሥራው የተመለሰ። አንድ ሰው ደህና አድርጎ የሚያነሳው፣ ግን የማይንቀው ድንጋይ።

ጠዋት ዮሴፍን ባጃጅህን ይዘህ ና አለው። የአይሱዙውን ጎማ በእንጨት ደግፎ ድንጋዩን አነሳና ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠው፤ እሱም አጠገቡ ተቀመጠ። ፀዳለ ከሱቋ ወጥታ አየችው። ንጹሕ ሸሚዝ አምጥታ ሰጠችው፣ ወዴት ነው አላለችም። ዮሴፍ ግን ድንጋዩን አይቶ አንገቱን ዳሰሰ፤ ጋሽ ዓለምነህ፣ እኔ ሁለተኛ አላጎነብስም፣ እናቴ ትገድለኛለች አለ። ዓለምነህ ዝም ብለህ ወደ ግራና ንዳ አለው።

መንገዱ አቧራ ነው። እየተንገጫገጩ ሲሄዱ ድንጋዩ ወደ ዓለምነህ ይንሸራተታል፣ እሱም በክርኑ ይመልሰዋል። አስካለ ደጅ ሲደርሱ ጎረምሶች የሠርጉን ዳስ ይተክላሉ፣ ሴቶች በሰፌድ ጌሾ ያበጥራሉ። ዓለምነህ ከባጃጁ ወርዶ ጫማውን አወለቀ። ዮሴፍ ሊያግዘው ቢል እምቢ አለ። ድንጋዩን አነሳና ጫንቃው ላይ አስቀመጠው፤ አጎነበሰ፤ በሩ ላይ ቆመ።

መጀመሪያ ያየው ዳስ የሚተክል አንድ ጎረምሳ ነው። የፊልሙ ሰውዬ ናቸው አለ። ወዲያው መንደሩ ተሰበሰበ። ክፍል ሁለት እየተቀረጸ ነው ተባለ። ካሜራው የት እንዳለ ይፈልጉ ጀመር፤ አንዱ አጥሩን፣ አንዱ ዛፉን አየ። ዮሴፍ ካሜራ የለም ቢል ማን ይመነው፣ እሱ ራሱ የፊልሙ ልጅ ነው። አንዲት ሴትዮ ሕፃናቱን ካሜራውን አትጋርዱ ብላ ወደ ዳር ሰበሰበቻቸው። ከዚያ ክርክሩ ተነሳ። አንዱ አሁን ልጁ አባት ሆኖ ነው ማለት ነው አለ። አንዱ አይደለም፣ አባትየው በሕልሙ ነው አለ። ያን ተዝካር የሚያስታውሱ አንድ አሮጊት ግን ነገሩ ገባቸውና ደነገጡ፤ ታላቅ ለታናሽ፣ ኧረ ነውር ነው፣ አውርዱት አሉ። ሌላዋ ደግሞ ተዉት ይሸከም፣ ቢዘገይ ነው እንጂ አለች። ይሄው ግራናም ሁለት ቦታ ተከፈለች።

ዓለምነህ የሚያየው አፈርና የሰው እግር ብቻ ነው። አንገቱ ተቃጠለ። ወገቡ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ዝም በሉ ብሎ ሊጮህባቸው ፈለገ፣ ግን ድንጋይ ተሸክሞ የሚለምን ሰው አይጮህም። ዮሴፍ ያን ሁሉ ቀን ይህን ችሎ ቆሞ እንደነበር ያን ጊዜ ገባው።

ከዚያ ሰዉ መንገድ ለቀቀ። ሁለት እግር ፊቱ ቆመ፤ ጌሾ የነካው ቀሚስ፣ የጎማ ጫማ። የአባቱ እግር አጣጣል ነው፣ ግራው ትንሽ ወደ ውጭ የወጣ። በዚህ ብቻ አወቃት።

አስካለ ብዙ ቆመች። ያየችው ፊልም ውስጥ አባትየው የቆመውን ያህል ቆመች።

«ለዚያ ልጅ አወረድክለት?» አለችው።

የእሷም ጥያቄ ያው ነው። አገር ሁሉ ሲጠይቀው ንዴት ብቻ ነበር የሚሰማው፤ አሁን ግን እንባው መጣ።

«አላወረድኩለትም» አለ ወደ መሬቱ። «አውርድ ብለውኝ ነበር፣ ሦስት ጊዜ። እጄ እምቢ አለኝ። እኔ ላንቺ ሳልሸከም የሌላውን ማውረድ አፈርኩ።»

የተነፈሰችውን ሰማ። ሴቶቹ ወደ እሷ ጠጋ ሲሉ የቀሚሳቸው ጫፍ ታየው።

«ያን ለት የተናገርከው በሰው ፊት ነው» አለችው። «አሁንም ሰው አለ።»

ዓለምነህ ድንጋዩን በሁለት እጁ አጥብቆ ያዘና ድምፁን ከፍ አደረገ። ተዝካሩ ላይ የነበራችሁ ስሙኝ አለ። አባቴን ያስታመመችው ለመሬት አይደለም፤ መሬት ለማንም አራት ዓመት ሌሊት አያስነሳም። እኔ ታላቁ ማድረግ የነበረብኝን እሷ አድርጋ አሳፈረችኝ፣ ያሳፈረኝን ሰው ደግሞ አሳፈርኩ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ ቃል አልነበረውም፤ የነበረውም በመጨረሻው ላይ ተሰብሯል።

ካሜራ ሲፈልግ የነበረው ጎረምሳ መፈለጉን ተወ።

አስካለ ጎንበስ ብላ እጆቿን ከድንጋዩ ሥር አስገባች። ጣቷ ጫንቃውን ነካው። ከበዳት፤ ዮሴፍ ሊያግዛት ሮጠ፣ ተው አለችው። ብቻዋን አወረደችውና የዳሱ ምሰሶ ሥር፣ ገና አፈር ያልሞላው ጉድጓድ አጠገብ አስቀመጠችው። ጎረምሶቹን በዚህ አጥብቁት፣ ድንጋይ ጎድሎን ነበር አለቻቸው። ከዚያ ወደ ወንድሟ ተመለሰች።

«ቀና በል፣ ወንድም ጋሼ» አለችው። «ልጅቱን ማን ይመርቃት?»

ስድስት ዓመት በዚህ ስም የጠራው ሰው የለም። ዓለምነህ ግን ቀና አላለም። ድንጋዩ ወርዶለትም እንዳጎነበሰ፣ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ትዕግስት ከቤት ወጥታ አጎቴ እያለች መጥታ ክንዱን ብትይዘውም ቀና አላለም። ወገቤ ነው አለ፣ ወገቤ ይዞኝ ነው። ግራና ውስጥ ማንም አላመነውም፤ በዚህ አንድ ነገር ላይ ብቻ ሰው ሁለት ቦታ አልተከፈለም።